የእህቴ አጥንት የተቆጠረበት ጾም

ዘር ከልጓም አይስብም።

ሰው ሁሉ ይስባል ይላል፤ ሰው ሁሉ ተሳስቷል። የጎረቤት ልጅ ሲሰርቅ ይሉታል፤ ሠርግ ቤት ሙሽራው ሲያምር ይሉታል፤ ለቅሶ ላይ ሟቹ ደግ የነበረ እንደሆነ ይሉታል። ለሁሉ የሚሆን መልስ ብዙ ጊዜ ጥያቄውን ሳይሰማ የመለሰ ሰው መልስ ነው። ፈረስ የገራ ሰው ብትጠይቁ ሌላ ነው የሚነግራችሁ፤ ዘረ መልካም ፈረስ ያለ ልጓም የሚደርሰው ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ በእኛ አገር ደግሞ ገደል ሩቅ አይደለም።

በተረቱ ላይ ቂም የያዝሁት መጽሐፍ ስላነበብሁ አይደለም። እህቴ በእሱ የተነሣ ከባሏ ቤት ልትወጣ ነበር። መጽሐፉ የመጣው በኋላ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ትልቁ ድርቅ ካለፈ በኋላ ያለው ዓመት። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በተወለድሁባት በመካነ ሰላም ባዮሎጂ አስተምር ነበር። ከተማዋ ያን ጊዜ አንድ ዋና መንገድ፣ አንድ የገበያ ሜዳ፣ ከሩቅ የሚሰማ የቤተ ክርስቲያን ደወል፣ ግድግዳው ላይ ጢማም ፈረንጆች በተርታ የተሰቀሉበት የቀበሌ አዳራሽ ነበሯት። በክፍል ውስጥ ስለ ዘር የማስተምረው አተር እያዳቀለ የውርስን ሕግ ስላገኘው መነኩሴ ነበር። ከአቀስታ የመጣ አንድ ተማሪ እጁን አወጣ።

«ቲቸር፣ የኛ አገር መነኩሴም እኮ አተር ይዘራል።»

«ታዲያስ?»

«ይበላዋል።»

ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ይሁን እንጂ ከአተሩ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነገር ነበር፤ መማሪያ መጽሐፉ የሚዘለው። በሰውነታችን ያለው ሕዋስ ሁሉ ያንኑ አንድ ዘር የያዘ ከሆነ ዓይን ለምን ዓይን ይሆናል? ጥፍር ለምን ማሰብ አይጀምርም? ያን ጊዜ የማውቀው የባክቴሪያን ያህል ነበር። ባክቴሪያዋ የወተት ስኳር ስታገኝ ስኳሩን የሚሰብረውን ዘረ መል ትከፍታለች፤ ሲያልቅ ትዘጋለች። ዘር እንዳለ አለ፤ የሚሠራው ግን ሲታዘዝ ነው። ቀሪውን ያነበብሁት ፀጉሬ መሸበት ከጀመረ ወዲህ ነው፤ ታሪኩ እንዲገባችሁ ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ።

ጽንስ ከአንድ ሕዋስ ይጀምራል። ያ ሕዋስ ሲከፈል መጽሐፉን ሙሉውን እየገለበጠ ለልጆቹ ያድላል፤ ለጉበቱም ለጥፍሩም ለአንጎሉም የሚደርሰው ያው መጽሐፍ ነው። የሚለያቸው የትኛው ገጽ፣ በየትኛው ቀን፣ ለምን ያህል ጊዜ ተገለጠ የሚለው ነው። ገላጮቹ ደግሞ ከዚያው ከመጽሐፉ የወጡ ፕሮቲኖች ናቸው። አንዱ ዘረ መል የሠራው ፕሮቲን ይሄድና በሌላው ዘረ መል ደጃፍ ይቀመጣል፤ ወይ ይከፍተዋል፣ ወይ ይዘጋዋል። የተከፈተውም በተራው ሌላ በረኛ ይሠራል። እንዲህ እየተያያዘ ይሄዳል። በጽንሱ ጀርባ ላይ ያለው ስስ የሕዋስ ንጣፍ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሆነው ከሥሩ ያሉ ጎረቤቶቹ መልእክት ስለሚልኩለት ነው። መልእክቱ በርከት ብሎ የደረሰው አንድ ዓይነት ነርቭ ይሆናል፤ ሳሳ ብሎ የደረሰው ሌላ ዓይነት። ከፊት በኩል አንዱ የበረኛ ቡድን ይሠለጥናል፣ ከኋላ ሌላው፤ ግንባርና ማጅራት የሚለዩት እንዲህ ነው። አንዳንዱ ገጽ አንዴ ሥራው ሲያበቃ ማኅተም ይደረግበታል፤ ዕድሜ ልክ አይገለጥም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እኔን ያስደነገጠኝ የአንጎል ቅርፊት አሠራር ነው። ኋላ የተወለደው ሕዋስ ቀድመው የተቀመጡትን በመካከላቸው እየተሽሎከሎከ ያልፍና ከሁሉም በላይ ይቀመጣል። ሽማግሌ ሳይቀመጥ በማይቀመጡበት አገር ያደገ ሰው ይህን አንብቦ ካልደነገጠ አላነበበም።

ወደ እህቴ ልመለስ። ታናሼ ናት። ወደ ከላላ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ ደብር፣ ለመሪጌታው ልጅ ተድራ ነበር። የተጋቡት በሽማግሌ ፊት በሚዋዋሉት በሰማንያ ነው። ቁርባኑ ልጅ ከወለዱ በኋላ ይደርሳል ተብሎ ለፋሲካ ማግሥት ተቀጥሮ ነበር። ቁርባን ደግሞ እንደ ሰማንያ አይደለም፤ አንዴ ከቆረቡ መፍታት የለም።

ጥር ሲያልቅ ወለደች። ሴት ልጅ ነበረች። ፊቷ ሙሉ ነው፤ ጣቶቿም ሙሉ ናቸው። ከቅንድቧ በላይ ግን ራሷ አልገጠመም ነበር። ጥቂት ተነፈሰችና ተወች። ክርስትና ስላልተነሣች የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አይቀበላትም፤ ከጓሮ፣ ከጌሾው ሥር ቀበሯት።

ከዚያ ምክንያት ፍለጋው ተጀመረ። የመንደሩ ሴቶች በቀትር ወንዝ ተሻግራለች አሉ። ሌሎቹ አምሮት ይዟት የከለከላት ሰው አለ አሉ። አንዷ ደግሞ በእርግዝናዋ ወራት የሰው ለቅሶ አይታ ደንግጣለች አለች፤ በዚያ ዓመት ለቅሶ ያላየ ሰው ያለ ይመስል። መሪጌታው ይህን ሁሉ ሰምተው «የባልቴት ወሬ ነው» ብለው ጣሉት። የተማሩ ሰው ነበሩ፤ ድጓውን ከዳር እስከ ዳር በቃላቸው የሚወጡት፣ ብራና የሚፍቁ፣ መጽሐፍ የሚጠርዙ። ባልቴቶቹን ከናቁ በኋላም አስበው አስበው የራሳቸውን መልስ አመጡ።

«አጥንት ነው» አሉ። «ዘር ከልጓም ይስባል። የምራቴ ሰባት ቤት እንደገና ይቆጠር።»

እስቲ አስተውሉ። ባልቴቶቹ ቢያንስ ነገሩ የደረሰው በእርግዝናው ጊዜ መሆኑን ይናገሩ ነበር፤ ጊዜን ይጠረጥራሉ። ከሁሉ የተማረው ሰው ከሁሉ ወደ ራቀው ስሕተት ሄደ። ይህ በኋላም በሌሎች ሰዎች ላይ ደጋግሞ ያጋጠመኝ ነገር ነው።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ ዘንድ ሁለት ሰዎች ከመታጨታቸው በፊት ሽማግሌዎች የሁለቱንም ወገን እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራሉ፤ ዘመዳሞች እንዳይጋቡ ነው። ይህ ቆጠራ ለእህቴ ተደርጎ አልፏል፤ ዝምድናም አልተገኘም። አሁን መሪጌታው ያንኑ ሚዛን ለሌላ ዕቃ አወጡት፤ ዘመድ ሳይሆን ጉድለት ሊፈልጉበት። ጉድለት ከተገኘ ቁርባኑ ይቀራል፣ ሰማንያው ይፈርሳል፣ እህቴም ወደ እናታችን ቤት ትመለሳለች። አጥንቷ ተቆጥሮ የተመለሰችን ሴት ዳግመኛ የሚጠይቅ የካህን ቤት አልነበረም፤ የገበሬም ቤት ቢሆን ያመነታል።

ደጋፊ ፈልጌ ወደ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ሄድሁ። የፖለቲካ ትምህርት የሚያስተምረን ካድሬ ነው፤ ጎረቤቴም ነበር።

«ጓድ፣ ዘር የሚባለው የመሳፍንት ፈጠራ ነው» አለኝ ገና ሳልጨርስ። «ሰውን የሚሠራው አካባቢው ነው፤ ሌላ ምንም የለም። መሪጌታህን ቀበሌ እናስጠራቸውና ሂስ ይውረድባቸዋ!»

«አንተ በቅሎህን ስትገዛ እናቷን አላየህም?»

«አየሁ እንጂ! እናቷን፣ የእናቷንም እናት።»

«ታዲያ?»

«በቅሎ ሌላ ሰው ሌላ።»

«በምን ይለያል?»

«በቅሎ ገንዘብ ያስወጣላ!»

የቀበሌውን ነገር ደብሩ ድረስ ሄጄ ለእህቴ ብነግራት እጇን አወናጨፈችብኝ። «ጋሼ፣ ያለቀልኝ ቀበሌ የጠራቸው ዕለት ነው። አማቷን ያስጠራች ምራት ሊሉኝ? ተወው። እማማን ይዘህልኝ ና።»

እናታችንን ይዤ ሄድሁ። ዐቢይ ጾሙ ተጋምሶ ነበር። እናታችን የቄስ ልጅ ናት፤ መንገዱን ሁሉ አያት ቅድመ አያቶቿን እያነበነበች ሄደች፤ ፈተና እንደሚጠብቀው ተማሪ። ደኅና ደኅና ሰው ያለበት ቤት ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ከፍ ይላል። አንድ እስላም ጎረቤታችን በመንገድ አግኝቷት ጉዳዩን ሰምቶ ኖሮ «አብሽሪ እናቴ፣ አላህ ያውቃል» አላት። «እሱስ ያውቃል» አለችው፤ «ችግሬ እነሱም እናውቃለን ማለታቸው ነው።»

የመሪጌታው ቤት የቆዳ ሽታ ነበረው። ብራና በእንጨት ላይ ተወጥሯል፤ ጋን ውስጥ ወፍራም ቆዳ ተዘፍዝፏል። ከምሰሶው ላይ የደብሩ ከበሮ ተሰቅሏል፤ በጾም ስለማይመታ ጠፍሩ እንዲጠብቅ እሳቸው ዘንድ ይመጣል። ሁለት ሽማግሌዎች ቀድመውን ተቀምጠዋል። የእህቴ ባል ከበሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ነበር። የመሪጌታው ሚስት ከጓዳው አፍ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ። እህቴ ከውስጥ ናት። መሪጌታው ሰላምታ ሰጥተውን ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ለመጽሐፍ ማኅደር የሚሆን ቆዳ ከጋኑ አውጥተው ያጥፋሉ።

ቆጠራው ከሰባተኛው ቤት ተጀመረ። እናታችን ታነበንባለች፤ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ፍንጭቱ፣ በየስሙ ላይ ያቆማታል። እውር ነበር? ለምጽ ነበረበት? አብዷል? የለም፣ የለም፣ የለም። አምስተኛው ቤት ላይ ሲደርሱ የአንድ ቅድመ አያታችን ወንድም ተነሣ።

«እሱማ ዲዳ ነው ይሉ ነበር» አለ ፍንጭቱ።

«ዝምተኛ ነበር» አለች እናታችን። «ሚስቱ የምትናገረው ይበቃው ነበር።»

«ያው ዲዳ ነው።»

«አንተም ሚስት ብታገባ ዝም ትል ነበር!»

የእህቴ ባል ሳይቀር ሳቀ። መሪጌታው ግን አልሳቁም። «ዲዳ፣ በአምስተኛው ቤት» አሉ ቀስ ብለው፤ የተመዘገበ ያህል ነበር። የእናታችን ፊት ሲለወጥ አየሁ። ያን ጊዜ ገባሁበት።

«የኔታ፣ ይህ ከበሮ ተበላሽቶ ነው የተሰቀለው?»

«ጠፍሩ ላልቶ ነበር፤ አጥብቄዋለሁ። ደኅና ነው።»

«ታዲያ ለምን አይመታም?»

«መምህር ተብለህ ጾም መግባቱን አልሰማህም?» ሽማግሌዎቹ ሳቁብኝ።

«ሰምቻለሁ። ከበሮው አለ፣ መቺው አለ፣ ድጓው አለ። ሁሉም እያለ ዝም የሚያሰኘው ሥርዓቱ ነው ማለት ነው።»

«እንዴታ።»

«ጽንስም እንዲህ ነው የኔታ። ዘሩ ሁሉ ከመጀመሪያው በውስጡ አለ። የቱ መቼ እንደሚሰማ የሚወስን ሥርዓት ግን አለ። ሥርዓቱ በአንዲት ቀን ቢታወክ ከበሮው ደኅና ሆኖ ሳለ በዓሉ ይበላሻል። የዚህችም ልጅ ነገር እንደዚያ ቢሆንስ? አጥንቷ ምንም ሳይጎድለው?»

ቆዳውን ማጠፍ አላቆሙም፤ እያደመጡኝ እንደሆነ ግን አወቅሁ። ወደ እጃቸው አመለከትሁ።

«አንጎል መጀመሪያ እንደዚህ ንጣፍ ነው። ከሁለት ወገን ይታጠፍና ይገጥማል። እርስዎ ዘንድ መልካም ቆዳ ሆኖ ሳለ ሳይገጥም የቀረ ማኅደር የለም?»

«አለ። ሳይታጠፍ ከደረቀ አይገጥምም።»

«ያን ጊዜ የበሬውን ሰባት ቤት ይቆጥራሉ?»

«በሬው ደግሞ ምን አደረገ!» አለ ሁለተኛው ሽማግሌ፤ እስከዚያ ያንቀላፋ መስሎኝ ነበር።

መሪጌታው ቆዳውን ጭናቸው ላይ አሳረፉት። አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ የተማሪ ቅኔ እንደሚያርም ሰው ነበሩ።

«መልካም ተናገርህ፤ አንድ ነገር ግን ጎደለህ። ቆዳውን ያደረቀው ማነው?»

አላውቅም ነበር። ያን ጊዜ የማውቀው የባክቴሪያን ያህል ነው ብያለሁ።

«አላውቅም የኔታ።»

«እኔ ዲዳ አግኝቻለሁ። አንተ ምንም አላገኘህም። ምንም ያላገኘ ሰው ያገኘውን አይከስም።»

እውነቱን ለመናገር ዛሬም ቢሆን በክርክር ሕግ የረቱት እሳቸው ናቸው። እናታችን ግን ሽንፈት አታውቅም። ነጠላዋን አጣፋች።

«የኛ አለቀ። አሁን ደግሞ የናንተን ሰባት ቤት እንስማ።»

«የኛ ምን ይቆጠራል?» አለ ፍንጭቱ። «የካህናት ቤት ነው።»

«ልጅቷ ከኔ ልጅ ብቻ ነው እንዴ የተገኘችው? በቅሎዋን አባትሽ ማነው ቢሏት አጎቴ ፈረስ ነው እንዳለችው አታድርጉት!»

መሪጌታው እጃቸውን አነሡ። «ይቆጠራል» አሉ። «ሥርዓት ነው።»

ለእሳቸው ሥርዓት የሚባል ነገር ቀልድ አልነበረም፤ ለዚህ ላመሰግናቸው ይገባል። ቆዳውን ትተው ዓይናቸውን ጨፍነው ከሰባተኛው አያታቸው ጀምረው ወረዱ፤ አንዲት ስም ሳይደናቀፉ፤ ካህኑን፣ ዲያቆኑን፣ መነኩሴውን፣ በልጅነቱ የሞተውን፣ በፈንጣጣ የታወረውን፤ እውሩን እንኳ አልደበቁም። እስከ ራሳቸው ልጅ ደርሰው ዓይናቸውን ገለጡ።

«አንዷን ዘለሉ» አሉ ሚስታቸው ከጓዳው አፍ።

እንዝርቱ አልቆመም።

«የቷን?»

«የኔን የመጀመሪያዋን።»

«እሷማ ሞታ ነው የተወለደችው።»

«እርስዎ ለድጓ ጎንደር ወርደው ሳለ የወለድኋት ናት። ሞታ ተወለደች ብዬ የነገርሁዎ እኔ ነኝ። አልሞተችም ነበር፤ ጥቂት ቆይታለች። ራሷ እንደዚህችኛዋ ነበረ።» ክሩን በጣታቸው ለክተው ጠቀለሉት። «ከጌሾው ሥር ናት። ይህችኛዋን ሲቀብሩ ጉድጓዱን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። ጎን ለጎን ናቸው።»

መሪጌታው ያን ያህል ዘመን በቃላቸው የያዙት መጽሐፍ አንድ ገጽ እንደጎደለው የተነገራቸው መሰሉ።

ቀድሞ የተናገረው ፍንጭቱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየሸንጎው አይጠፋም። ፊቱ በራ፤ እንቆቅልሽ የፈታ መስሎታል።

«እንግዲያውማ አጥንቱ የርሳቸው ነዋ!» አለ ወደ ጓዳው እያመለከተ። «የርሳቸው ወገን ይቆጠር! እትዬ፣ አባትዎ የማን ልጅ ነበሩ?»

«ቁጠር፣ ቁጠር!» አለች እናታችን ብድግ ብላ። «የርሳቸው አጥንት ከሆነ ልጃቸውም ከዚያው አጥንት የወጣ ነው! እንግዲያውስ የማፋታው እኔ ነኝ። አንቺ ልጅ! ጓዝሽን ሰብስቢ፣ ይህ ቤት አጥንቱ ደኅና አይደለም!»

«እማማ፣ ኧረ በማርያም!» አለ የእህቴ ባል። በዚያ ቀን የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሉ ነው።

መሪጌታው ወደ ፍንጭቱ ዞሩ። «ዝም በል» አሉት። ወደ ሚስታቸው አላዩም፤ ሚስታቸውም ይቅርታ አልጠየቁም። እንዝርቱ ይዞራል።

ያን ጊዜ እህቴ ከጓዳ ወጣች። ከስታለች። ተራ በተራ አየችን፤ እኔንም ጭምር፤ የእኔን ከበሮና ቆዳም ሰምታለች ማለት ነው።

«ቆጥራችሁ ከጨረሳችሁ ልተኛበት» አለች። «ቤቱን ሞላችሁት።»

መሪጌታው ጭናቸው ላይ የነበረውን ቆዳ ዳሰሱት። እኛ ስንጨቃጨቅ ደርቆ ኖሮ አልታጠፍ አላቸው። ወደ ጋኑ መለሱት። «ከፋሲካ በኋላ ይቆርባሉ» አሉ ውኃው ውስጥ እያዩ፤ ነገሩ በዚያ አለቀ።

በመንገድ ስንመለስ እናታችን ድል እንዳደረገ ሰው ነበረች፤ እኔ ግን ኩርፊያ ይዞኝ ነበር። እህቴን ያተረፋት የእኔ እውቀት አይደለም። ያተረፋት ያው ስሕተት ነው፤ ወደ ሌላ ቤት ዞሮ። አጥንት ነው የሚለውን ማንም አላስተባበለም፤ የማን አጥንት ነው የሚለው ብቻ አላመች አለ። እንዲያውም ነገሩ ተረቱን አጠነከረው። በአንድ ጓሮ ሁለት ያልገጠመ ራስ! ከዚህ የበለጠ ምስክር ለዘር ይገኛል?

አይገኝም የሚል ሰው ስለ ጓሮው ቢያስብ ጥሩ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ስለ ጽንስ አንጎል ያነበብሁትን ሁሉ ሳሰባስብ የመሪጌታው ጥያቄ መልስ አንዱ ቁራጭ ተገኘ። ያ የሕዋስ ንጣፍ የሚታጠፈው በእርግዝናው የመጀመሪያ ወር ውስጥ ነው፤ ሴቲቱ ብዙ ጊዜ ማርገዟን ራሷ ሳታውቅ። ለመታጠፍ ሕዋሶቹ በጥድፊያ መከፈል፣ መጽሐፉን በጥድፊያ መገልበጥ፣ በየገጹ ላይም ማኅተሙን በየቦታው ማድረግ አለባቸው። ለግልበጣውም ለማኅተሙም የሚያስፈልግ ቫይታሚን አለ፤ በጎመን ቅጠል፣ በአተር፣ በባቄላ፣ በምስር የሚገኝ። እሱ ሲያጥር ገልባጩ ይዘገያል፣ በረኞቹ በሰዓታቸው አይደርሱም፣ ጠርዝና ጠርዝ ሳይገናኝ ቀኑ ያልፋል። ካለፈ አለፈ። ወዲያ ቢበሉት አይመልሰውም።

እህቴ ያረገዘችው ድርቁ ሳይለቅ ነው። በዚያ ዓመት የጓሮ ጎመን እንኳ አልበቀለም፤ የበላነው የርዳታ ስንዴ ነበር፤ ባቄላው ቀድሞ ለዘር የተቀመጠው ሳይቀር አልቋል። የመሪጌታውን ሚስት አንድ ቀን ብቻቸውን አግኝቼ በመጀመሪያዋ ጊዜ ምን ይበሉ እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ምን ነበረ ብለህ ነው ልጄ? አንበጣ የወረደበት ዓመት እኮ ነው። የገብስ ቆሎ። እሱም ሲገኝ።»

ይህ ማስረጃ አይባልም። ስንቱ በዚያው ረኀብ ሙሉ ልጅ ወልዷል። ዘርም ድርሻ የለውም አላልሁም፤ አንዳንዱ እጥረቱን ይችለዋል፣ አንዳንዱ አይችለውም፣ ያም የሚወረስ ሊሆን ይችላል። ካድሬውም እንደ መሪጌታው ተሳስቷል፤ አካባቢ ብቻውን ድንጋይን ልጅ አያደርግም። ነገሩ ያለው በመካከል ነው፤ ዘሩና ጊዜው በሚገናኙበት ደጃፍ። ተረት ደግሞ መካከል ላይ መቆም አይችልም፤ አጭር ነው።

መሪጌታው ይህን ሳልነግራቸው አረፉ። ቢሰሙ ምን ይሉ እንደነበር አውቃለሁ ብል እዋሻለሁ፤ ምናልባት አረፍተ ነገሬን ያርሙ ነበር። እህቴ ከዚያ በኋላ ሦስት ወልዳለች፤ የሁሉም ራስ ገጥሟል። ሁለተኛው ልጅ ገና በልጅነቱ ዳዊት ሲደግም መሪጌታው፣ ያን ጊዜ በሕይወት ነበሩ፣ ከመደባቸው ላይ ሆነው ሰምተው በኩራት እንዲህ አሉ፦ «ዘር ከልጓም ይስባል።» የቆጠረ ሰው አልነበረም። ለደጉ ነገር ማንም ሰባት ቤት አይወርድም።

የመሪጌታው ሚስት ጌሾውን አስነቅለው ቦታውን ጎመን ተከሉበት። ለምን ብዬ አልጠየቅኋቸውም።

እናንተ ግን ሸንጎ ትቀመጣላችሁ፤ ሽምግልና ትላካላችሁ፤ ሠርግ ቤት ከመደቡ ላይ ሆናችሁ ስለ ሰው ዘር ትተርታላችሁ። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። ልጇ የሞተባትን ሴት አጥንት በፊታችሁ የሚቆጥር ሰው ከተነሣ፣ ከባልየው ወገን ጀምር በሉት። ይህን ለማለት ካልደፈራችሁ ተነሡና ውጡ፤ እሷ ልትተኛበት።